ለመንገደኛ የተከፈተ ዋይፋይ

ክረምት ላይ ያ ደጋ ጉም ነው። ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዳዴ ይሄዳል። ከመካነ ሰላም ተነስተን ወደ ደሴ ስንጓዝ፣ ቁርስ የምንበላባት ትንሽ ከተማ መድረሳችንን የምናውቀው በዓይናችን አልነበረም፤ በስልክ ነበር። ሱቁ ሳይታይ፣ ቆርቆሮው ሳይታይ፣ ከፊት ወንበር አንድ ስልክ ጢን ይላል። ከኋላ ሌላው ይመልስለታል። ከዚያ ከነጠላ ሥር፣ ከኮት ኪስ፣ ከደረት ውስጥ፣ የመኪናው ስልክ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይንጫጫል። ያን ጊዜ በሩን በርግጄ እጮሃለሁ፦

«ሐጂ ደጅ ደርሰናል! ዱዓ እያደረጋችሁ ተጠቀሙ!»

የመኪናው ረዳት ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም፤ ይህን ስናገርም ድምፄን ዝቅ አላደርግም። ሦስት ወር ቤት ተቀመጥኩ። በአራተኛው እናቴ ራሷ «ኧረ ልጄ፣ ሄደሽ የምትሮጪበትን ፈልጊ፣ ወለሉን እኮ ጨረስሽው» አለችኝ። የሰፈራችን ሹፌር ረዳቱ ጥሎት ሄዶ ስለነበር በማግስቱ ቅጥቅጡ በር ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው ሰሞን ሰው አፉን ከፍቶ ነበር የሚያየኝ። አንድ ሽማግሌ ገና ከመግባታቸው፣

«ሹፌር፣ በር ላይ ሙሽራ አቁመህ ነው እንዴ የምትጭነው?» አሉ።

«ሙሽራ ብሆን ኖሮ እርስዎን ሚዜ አደርግ ነበር» አልኳቸው። «አሁን ግን ረዳት ነኝ፤ ሂሳብ ያምጡ።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሙሽራ አላለኝም።

ሐጂ የሚባሉት ሰው የዚያች ከተማ ባለሱቅ ናቸው። ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪ፣ የስልክ ካርድ ይሸጣሉ። ከሱቃቸው ጣራ ክፈፍ ሥር፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነው አሉ፣ የውኃ እንስራ ተቀምጧል። እንጨት ክዳን አለው፤ ጣሳው በሲባጎ ታስሯል። መንገደኛ ሁሉ ከፍቶ፣ ጠጥቶ፣ ከድኖ ያልፋል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ዋይፋዩም እንደዚያው ነበር። ቁልፍ የለውም። ደጃቸው ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ይገባበታል።

ለምን ክፍት እንዳደረጉት አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ቀጥ አድርጌ ነው የምጠይቀው፤ ሰው ይህን አይወድልኝም፣ እሳቸው ግን ወደዱት።

«መስመሩ ተቋርጦ የከረመ ጊዜ ታስታውሻለሽ?» አሉኝ።

«እንዴት አላስታውስ!»

«ሦስት ልጆቼ በሦስት አገር ነበሩ። ማን አለ ማን የለም፣ ሳላውቅ ከረምኩ። ያን ጊዜ ነየትኩ። ‹መስመሩ ተመልሶ የልጆቼን ድምፅ ከሰማሁ፣ ከመንገደኛ አልቆልፈውም› ብዬ ለአላህ ቃል ገባሁ። ሦስቱንም ሰማኋቸው። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ልብ በሉልኝ፤ የእሳቸው ነገር ልግስና ብቻ አልነበረም። ቃል ነበር። ኋላ የመጣው ነገር ሁሉ ከባድ የሆነው በዚህ ነው።

ያን ዋይፋይ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስሙ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ፊደልና ቁጥር ነበር፤ ተሳፋሪው «የቱ ነው? የቱ ነው?» እያለ ጆሮዬን ይበላዋል።

«ሐጂ፣ ስም እናውጣለት።»

«ልጅ ነው እንዴ?»

«ሰደቃ እንበለው።»

«ሰደቃ አይጮህበትም» አሉ። «የሰጡትን ነገር ስሙን በሰው ስልክ ላይ ይለጥፉታል?»

«ኧረ ሐጂ! ሰው ማግኘት አለበት እኮ።»

ከልባቸው አልወደዱትም። እኔ ግን ስልካቸውን ተቀብዬ፣ እንዲህ እንዲህ አድርጌ፣ በፊደላችን «ሰደቃ» ብዬ ጻፍኩበት። በጣም ነበር የኮራሁት። ከመንገዱ ዳር ዳር የሚገኘው ክፍት ዋይፋይ ሁሉ ስሙ የሆነ የእንግሊዝኛ ነገር ነው፤ የኛ ብቻ በገዛ ቋንቋችን ያበራል።

ቀጥሎ አንድ ነገር ገባኝ። ስልክ አንድ ጊዜ የገባበትን ክፍት ዋይፋይ ስም አይረሳም። ሌላ ቦታ ያው ስም ከተገኘ ሳይጠይቅ ራሱ ይገባል። ይህን ሳውቅ መሬት አልበቃኝም። እዚያች ከተማ ማዶ ወዳለው ጎሚስታ ሄጄ «የአንተንም ሰደቃ በለው፣ ቁልፉንም አንሳው፤ ሰው ጎማ እስኪነፋለት ቤተሰቡን ያግኝ» አልኩት። «አጅሩ፣ ጽድቁ፣ ላንቺ ነው ለኔ?» አለኝ። «እኩል» አልኩት፤ እሺ አለ። መካነ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ሻይ የምትሸጠዋ ሴትዮም እሺ አለች። ሌላ ከተማ ያለ ቁርስ ቤት እሺ አለ። ሹፌሩ ሳይቀር የስልኩን ሆትስፖት ሰደቃ አለው። «ወላሂ መንገዱን ሁሉ ሰደቃ አደርገዋለሁ» ስል እናቴ ሰምታ «ማተብ አስረሽ ወላሂ ትያለሽ?» ብላ ቆጣችኝ፤ ራሷ ግን በአሥር ቃል አንዴ ኢንሻ አላህ ሳትል አትውልም። ወሎ እንዲህ ነው። ሰው ጥሩ ነገር ሲያይ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ይቀዳዋል። አንድ የደግ ሰው ዋይፋይ በዓመት ውስጥ አምስት ሆነ፤ ማንም አላዘዘንም። አሁንም ድረስ በዚህ እኮራለሁ፤ የሚቀጥለውን እያወቅኩም ቢሆን።

የሚቀጥለው የደረሰባቸው ሴትዮ የወግዲ ናቸው። የሃምሳ ምናምን ዓመት እናት። ዓይናቸውን ደሴ ሊታከሙ በእኛ መኪና ሄደው፣ በማግስቱ ከሰዓት በፊት በእኛው መኪና ሊመለሱ መናኸሪያ መጡ። አንድ ዓይናቸው ታሽጓል፤ ሌላው ያለቅሳል። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት። እናትና ልጅ የሚገናኙት በስልክ አፕ ብቻ ነው፤ እሱን እናትየው ማንበብ አይጠበቅባቸውም፤ የልጃቸውን ፎቶ ይነካሉ፣ ልጅቷ ትመጣለች።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ «ዛሬ ዓይኔ እንደሚታሸግ ልጄ ታውቃለች። ድምፄን ካልሰማች እህል አትቀምስም። ካርዱ አልቋል። እስቲ ያን የሐጂን ነገር ፈልጊልኝ።»

«እማማ፣ እሱ እኮ ገና ሩቅ ነው። እዚህ ደሴ ነው ያለነው።»

«አንቺ ፈልጊ ነው የምልሽ።»

ስልካቸውን ተቀበልኩ፤ ከፈትኩ። ዝርዝሩ ላይ፣ ከሻይ ቤቱና ከሆቴሉ ስም መሀል፣ በገዛ ፊደላችን ሰደቃ ይላል። የቁልፍ ምልክት የለውም።

«ጋሼ!» ብዬ ለሹፌሩ ጮህኩ። «ስማችን ደሴ ገባ!»

«ሐጂ ቅርንጫፍ ከፈቱ በይኛ!» አለ ከመሪው ላይ።

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ልቤ ሞላ። ደሴ እኮ ነው! ያን ስም እኔ ነኝ ያወጣሁት። ማን እንደከፈተው፣ ለምን እንደከፈተው አልጠየቅኩም፤ ሌላ ደግ ሰው ከእኛ የቀዳ ነው የመሰለኝ። ነካሁት። አንድ ገጽ ተከፈተ። ሐጂ ጋ ምንም ገጽ አይከፈትም፤ ይህን አውቃለሁ፣ ያኔም አውቅ ነበር፤ ግን «ደሴ ሁሉ ነገር ፎርም ይወዳል» ብዬ አለፍኩ። ገጹ ስልክ ቁጥር ጠየቀ፤ አስገባሁ። ወዲያው በመልእክት ኮድ መጣ። ኮዱን ጠየቀ፤ አስገባሁ። ከኮዱ ሥር «ለማንም አትስጡ» የሚል ተጽፎ ነበር፤ በኋላ ነው ያየሁት። ያኔ ወንበር እያስያዝኩ፣ ጆንያ ወደ ላይ እያስጫንኩ፣ በሌላው እጄ ነበር ስልኩን የያዝኩት። ገጹ ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ፣ ምንም ሳይሆን ቀረ።

«እማማ፣ ደካማ ነው። ሐጂ ጋ ስንደርስ ያገኟታል» ብዬ መለስኩላቸው።

እንዳልኩትም ሆነ። ሐጂ ደጅ ስንደርስ ስልኩ ጢን አለ፤ ፎቶዋን ነኩ፤ ልጅቷ መጣች፤ ተላቀሱ፤ ተሳሳቁ። መኪናው ሙሉ ልጅቷን ሰላም አላት። ስለዚህ ሴትዮዋ የሚያስታውሱት ይህን ነው። ሰደቃ ማለት ለእሳቸው የሐጂ ደጅ ነው፤ የደሴውን ጉዳይ «እንቢ አለ» ብለው ረስተውታል።

በአራተኛው ቀን መካነ ሰላም መናኸሪያ ተሳፋሪ እየጠራሁ ሳለ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሰው ሞቶባቸው ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«የሐጂ ሰደቃ ልጄን ቀማኝ!» አሉ፤ መናኸሪያው በሙሉ እየሰማ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጅቷ ዘንድ በእናቷ ስም መልእክት ሄዷል። ዓይኔ ጠፋ፣ ባስቸኳይ በዚህ ሰው በኩል ገንዘብ ላኪልኝ የሚል። ልጅቷ አልቅሳ፣ ለአሠሪዋ «ወደ አገሬ ልቀቂኝ» ብላ ጓዟን ልታስር ደርሳ ነበር። ደግነቱ ብልህ ናት፤ ከሰው ስልክ ተበድራ ለጎረቤት በቀጥታ ደወለች፤ እናቷ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሱ ነው ተባለች። ወዲያው ደግሞ የእናትየው ስልክ አፑን ዘግቶ አስወጣቸው። የልጃቸውን ፎቶ ቢነኩ፣ ቢነኩ፣ የለችም።

«ከሐጂ ደጅ ሌላ የትም አልከፈትኩትም!» አሉ። «ሰደቃ ብለው ሰው ያጠምዳሉ እንዴ? ይህን ያደረገ እጁ ይድረቅ!»

ወሬ ከቅጥቅጥ ይፈጥናል። በሚቀጥለው ጉዞ ጉሙ ውስጥ ገብተን ስልኮቹ መንጫጫት ሲጀምሩ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ከኋላ አንድ ጎረምሳ በእኔው ድምፅ ጮኸ፦

«ሐጂ ደጅ ደርሰናል! ስልካችሁን አጥፉ!»

ሳቁ። በሩን ከፈትኩ። የወረደ ሰው ቁርስ ቤት ገባ እንጂ ሱቁን ያየው የለም። ሐጂ በራቸው ላይ ቆመዋል። የእንስራው ክዳን እንደተከደነ ነው፤ ውኃውንም የሚጠጣ ጠፋ። ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?»

እኔ፣ ለማንም የማልመለሰው፣ እኔ፣ «ብርዱ ነው፣ ሐጂ» አልኳቸው።

ዋሸሁ። ገና ያን ጊዜ የማን ጥፋት እንደሆነ በደንብ አልገባኝም ነበር፤ ግን ያ የደሴው ገጽ ትዝ አለኝ። መኪናው ከተነሳ በኋላ ሹፌሩ «ሐጂ ሊዘጉት ነው አሉ» አለኝ። «ነይቼ የከፈትኩት ሰው የሚያለቅስበት ከሆነ ቃሌ ፈርሷል፣ አላህ አልተቀበለኝም ብለዋል።» መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። የዚህ ሰው ስም በእኔ መኪና ውስጥ ጠፍቶ ከሆነ፣ በእኔ መኪና ውስጥ መመለስ አለበት።

መካነ ሰላም ስንመለስ ሴትዮዋን ከዘመዳቸው ቤት ፈልጌ፣ አብራኝ ተምራ ዛሬ ሞባይል የምትጠግን ልጅ ዘንድ ወሰድኳቸው። ጠጋኟ የምትጠይቀው ትንሽ ነው።

«ኮድ መጥቶላችሁ ያስገባችሁት ቦታ አለ?»

«ደሴ» አልኩ።

«ሐጂ ጋስ ገጽ ይከፈታል?»

«አይከፈትም።»

«ቁጥር ይጠይቃል? ኮድ ይጠይቃል?»

«አይጠይቅም።»

«እና ኮዱን ማን አስገባው?»

ሴትዮዋ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። አንድ ዓይናቸው አሁን ተፈቶ፣ ሁለቱም እኔ ላይ ናቸው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እማማ፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ጥፋቱ የሐጂ አይደለም። አንድ ሌባ ደሴ ላይ በዚያው ስም ከፍቶ ነበር። ስሙን ሳይ ኮርቼ ገባሁ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን በቀስታ፣

«እኔ ታዲያ ማንን ስረግም ከረምኩ?» አሉ።

ጠጋኟ አፑን እንደገና ከፈተችላቸው። ሲሙ እሳቸው ጋ ነውና አዲስ ኮድ መጣ፤ ይህን ጊዜ እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ ራሳቸው ተጫኑት። ገቡ። ሌባውን ግን ወዲያው ማስወጣት አልተቻለም፤ አፑ «ገና አሁን ነው የገባሽው፣ ነገ ተመልሰሽ አስወጪው» የሚል ዓይነት መልስ ሰጠ። እስከ ነገ ሌባው እዚያው ውስጥ ተቀምጦ መልእክታቸውን ሁሉ ያነባል ማለት ነው።

«እና ልጄን እስከ ነገ በስሜ ያናግራታል?» አሉ ሴትዮዋ።

«ይችላል» አለች ጠጋኟ።

ሴትዮዋ አሰቡ። ከዚያ ልጅቷ የደወለችበትን ቁጥር ከጎረቤታቸው አስጠይቀው፣ በጠጋኟ ስልክ፣ በተራ ጥሪ፣ ለልጃቸው እንዲህ አሉ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦ «ከእንግዲህ እኔ ነኝ የሚል ሁሉ እኔ አይደለሁም። መጀመሪያ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተወለደችውን ጥጃ ስም ጠይቂ። ካላወቀ ዝጊበት። በጽሑፍ ቢመልስም ዝጊበት፤ እኔ መጻፍ አልችልም።»

ጠጋኟ ወደ እኔ ዞር ብላ ቅንድቧን አነሳች። በአፑ ላይ «ሁለተኛ ማረጋገጫ» የሚባል ነገር አለ፤ ከኮዱ ሌላ፣ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ተጨማሪ ቃል። ለደንበኞቿ ሁሉ ስታስረዳ ትውላለች፤ ማንም አይሰማትም። እኚህ ፊደል ያልቆጠሩ የወግዲ እናት በጥጃ ሠሩት። ኩራት ያን ቀን ሌላ ትርጉም ሰጠኝ፤ እስከዚያ የኮራሁት በራሴ ነበር።

በማግስቱ ሌባውን አስወጣነው፤ ጠጋኟም ተጨማሪውን ቃል አስገባችላቸው። እኔ አለቀ ብዬ ልሸኛቸው ስል ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ተነሺ። ሐጂ ዘንድ እንሂድ።»

«ዛሬ? እማማ፣ ወግዲ ወዲያ፣ ሐጂ ወዲህ...»

«በሰው ፊት የረገምኩትን በሰው ፊት ነው የማነሳው። መኪናሽ አይሄድም እንዴ?»

ይሄዳል። መኪናው ሞልቶ ነበር። ሳንነሳ በሩ ላይ ቆሜ እኔም የበኩሌን ተናገርኩ። «ስሙኝ! የእማማን ኮድ ለሌባ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሐጂ ምንም አላደረጉም። ደሴ ላይ ነው የሆነው። ከእንግዲህ ስልካችሁ ላይ ኮድ ቢመጣ ለማንም አትስጡ፤ እኔም ብጠይቃችሁ አትስጡኝ!»

«አንቺንማ ሂሳብም አንሰጥሽም!» አለ ያ ጎረምሳ ከኋላ።

«አንተ ውረድ» አልኩት። አልወረደም።

ሐጂ ደጅ ስንደርስ ሴትዮዋ መጀመሪያ ወረዱ። ተሳፋሪው ቁርሱን ትቶ ተከተላቸው። ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው አጠገባቸው ምስር ይለቅማሉ።

«ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ» አሉ ሴትዮዋ በሩ ላይ። «በሰው ፊት ረግሜዎታለሁ። እጅዎ ንጹሕ ነው። አፉ ይበሉኝ።»

ሐጂ ተነሱ። «አፉ ብያለሁ፣ እህቴ። አፉ ብያለሁ። ኧረ ይግቡ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ግን ሌባው የዋይፋዬን ስም ከየት አገኘው?»

ነገርኳቸው። ስሙን በየመንገዱ የዘራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ለጎሚስታው፣ ለሻይ ቤቷ፣ ለቁርስ ቤቱ፣ ለሹፌሩ። «ሐጂ፣ ስልክ የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነው። ማን እንደጠራው አያውቅም። ቁልፍ የሌለው ከሆነ ማንም በዚያ ስም ጠርቶ ያስገባዋል። እኔ ሰዉን ሁሉ አንድ ስም ሲጠራ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲገባ አስለመድኩት። ሌባው የለፋው ነገር የለም፤ የተዘጋጀ ነው ያገኘው።»

«‹ሰደቃ አይጮህበትም› ብዬሽ ነበር» አሉ። አልተቆጡም፤ ያ ነው የባሰው።

«ብለውኛል። አሁን ቁልፍ እናድርግበት።»

«አይሆንም።» ፊታቸው ተዘጋ። «ከመንገደኛ ላልቆልፈው ነይቻለሁ። ወይ ክፍት ነው፣ ወይ ይጠፋል። ቃል ነው።»

እኔ መከራከር ጀመርኩ፤ ቁልፍ ስላለው ዋይፋይ፣ በአየር ላይ የሚሄደው ነገር እንደሚታሸግ፣ ክፍት ከሆነ ግን ከጎን የተቀመጠ ሰው ሊያሾልቅ እንደሚችል። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ተሳፋሪው ይሰማል። ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ። የሐጂ ባለቤት እስካሁን ቀና አላሉም ነበር። ምስሩን እየለቀሙ፣

«ውጭ ያለው እንስራስ?» አሉ።

«እንስራው ምን ሆነ?» አሉ ሐጂ።

«ክዳን አለው። እኔ ነኝ የከደንኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማን ‹ከለከሉኝ› ብሎ ያውቃል? የተጠማ ከፍቶ ይጠጣል። ክዳን የሌለው እንስራ ውስጥ ዶሮም ይጠጣል፣ ውሻም ይጠጣል። አንተ የነየትከው ለመንገደኛ ነው ለውሻ?»

ማንም አልሳቀም፤ ሐጂ ራሳቸው እስኪስቁ ድረስ።

«እሺ» አሉ። «ግን ግድግዳ ላይ አይጻፍም። ግድግዳ ላይ ከተጻፈ ሌባም ያነባል። መጥቶ ሰላም ያለኝን ሰው፣ ዓይኑን አይቼ፣ በአፌ እነግረዋለሁ። በየገበያው ቀን እቀይረዋለሁ።»

ይህን እኔ አልነገርኳቸውም። ራሳቸው ናቸው ያሰቡት። ጠጋኟ በኋላ ስትሰማ «በመጽሐፍም የለ» አለችኝ። ቁልፍ ያለው ሁሉ ደኅና አይደለም፤ ቃሉን ያወቀ ሌባ ያንኑ ስምና ያንኑ ቃል አስመስሎ ሊከፍት ይችላል። በየገበያው ሲቀየር ግን ያለፈው ሳምንት ቃል ለሌባው የደረቀ ጉድጓድ ነው። እኔ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት መንገዱን እየወረድኩ እየወጣሁ የዘራሁትን ስም ነቀልኩ። ጎሚስታው የራሱን ስም አወጣ። ሻይ ቤቷም የራሷን። «አጅሩስ?» አለ ጎሚስታው። «ያንተ ብቻ ሆነልህ» አልኩት። ከተሳፋሪዎቹ ስልክ ላይ የቆየውን ክፍት ስም ማጥፋት ነበር የባሰው፤ አንድ ሽማግሌ «እርሳው» የሚለውን ይጫኑ ስላቸው «ሐጂን የምረሳ ባለጌ ነኝ?» ብለው እስከ ደሴ ተቀየሙኝ።

ስልኮቹ ጉሙ ውስጥ መንጫጫት አቆሙ። ይናፍቀኛል፤ አልዋሽም። አሁን የምጮኸው ሌላ ነው፦ «ሐጂ ደጅ ደርሰናል! ሰላም ሳትሉ የምትገቡበት የለም!» ሰውም ይወርዳል፣ ይሰለፋል፣ እጅ ይነሳል፣ ሐጂ ጎንበስ ብለው በጆሮው ይነግሩታል። ድሮ ዋይፋያቸውን እየተጠቀመ ፊታቸውን የማያውቅ ሰው ብዙ ነበር። አሁን የማያውቃቸው የለም።

ቁልፉን ያደረግንበት ያን ቀን ግን የመጀመሪያዋ ሴትዮዋ ነበሩ። አዲሱን ቃል አስገባሁ፤ ስሙንም ቀየርኩት። ምን እንዳልነው አልጽፍም። ሐጂ ጎንበስ ብለው በጆሯቸው ነገሯቸው። ሴትዮዋ ስልካቸውን ለእኔ ዘረጉልኝና መልሰው ሳቡት። «አይ፣ ቆይ» አሉ። «አንቺ አሳዪኝ እንጂ አትንኪ።» አሳየኋቸው። ተጫኑ። ገባ። የልጃቸውን ፎቶ ነኩ።

ልጅቷ መጣች። ራሷን በሻሽ አስራለች፤ ከኋላዋ ነጭ የኩሽና ግድግዳ ይታያል። እናቷን በዓይኗ እያየች ናት፤ እናቷ ከነሙሉ ዓይናቸው ፊቷ ናቸው። እኛ ሁላችን፣ ሐጂ፣ ባለቤታቸው፣ ሹፌሩ፣ ያ ጎረምሳ፣ ከኋላቸው ተደርድረናል። ልጅቷ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«የጥጃችን ስም ማነው?» አለች።

«እኔን እያየሽኝ!» አሉ ሴትዮዋ።

«እማ፣ አንቺ ነሽ ጠይቂ ያልሽኝ። የጥጃችን ስም ማነው?»

ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩን። ሐጂ ነገሩ ገብቷቸው ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። ባለቤታቸው ምስራቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ሹፌሩ ጆሮውን በእጁ ደፈነ፤ ጎረምሳውም ደፈነ። እኔ ውጭ ወጥቼ የእንስራውን ክዳን ከፍቼ ውኃ ጠጣሁ። ሴትዮዋ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው በነጠላቸው ሸፈኑትና በሹክሹክታ ተናገሩ። ወዲያው ከሱቁ ውስጥ የልጅቷ ሳቅ ተሰማኝ።

የጥጃዋን ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም።